ቀጭኔ ስሚኝ

ስሟን ልጄ ናት ያወጣችው፣ ከአንገቷ የተነሳ፤
አንገቷ የመብራት ክንድ ነው፣ ከመንገድ ዳር የተነሳ።
ድምጿ ከኮሮላ በር ነው፣ ዝገት በልቶ ከጨረሰው፤
አእምሮዋ ክብሪት ሣጥን ያህላል፣ ፖስተኛ ደጅ ጥሎት የሄደው፤
ጆሮዋ ሁለት ቀዳዳ፣ በመርፌ ጫፍ የተወጉ፤
ሽቦዎቿ ቀይና ጥቁር፣ እንደ ጎረቤት የሚዋጉ።

ዊኒፔግ፣ ጥር ነው። ውጪው ሠላሳ ሁለት ከዜሮ በታች፤
ቀን የከተማ አውቶቡስ እጠግናለሁ፣ ማታ ምድር ቤት እሷን።
የመጀመሪያዋ ሰሌዳ ሳትናገር ሞተች፤
በካልሲ ምንጣፉን ተሻግሬ በጣቴ ስነካት፣ ጧ! አለች።
ደረቅ ክረምት ነው እዚህ፤ የበር እጀታ እንኳ ይናከሳል፤
ሚስቴን ስስማት ከከንፈራችን መሃል ሰማያዊ ብልጭታ ይነሳል።

ሁለተኛዋ ነቃች፤ ግን ድምጿን ከፍ ባደረግሁ ቁጥር ራሷን ሳተች፤
«ሰላም» ልትል «ሰ» ብላ ጠፋች፣ ደግሞ ከሀ ጀመረች።
ሦስት ሌሊት ኮዱን ወቀስኩ፣ መስመር በመስመር አበጠርኩ፤
ጥፋቱ የቻርጀሩ ነበር። ያላበላኋትን ዘምሪ ማለቴ ነው፤ አፈርኩ።

ቀጥሎ እምምም የሚል መጣ፤ ቆርቆሮ ውስጥ የታሰረ ንብ።
ለራዲዮ ጠጋኙ ለፍሪሰን በስልክ አሰማሁት፤
ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፣ እጁ አይንቀጠቀጥም።
«ሁለት ቦታ መሬት ይዘሃል» አለኝ፤
«ሁለት መሬት የያዘ ሁሉ ያጉረመርማል። አንዱን ልቀቅ።»
ስለ ሽቦ ነው ያወራው። ስለ ሽቦ ብቻ።
አንዱን ቆረጥኩ፤ ዝም አለች።

የቀረው መጥራት ነበር።
«ቀጭኔ!» አልኩ። ዝም።
ቀረብኩ፤ «ቀጭኔ!» ቀውን ከጉሮሮዬ ጫፍ አጥብቄ፣
ጭውን ከምላሴ ሥር ፈልቅቄ።
ዝም።
ናርዶስ ደረጃው ላይ፣ ጥርሷን እየቦረሸች፣
አረፋ በሞላው አፏ «ከችኔ» አለች፤
ሰማያዊው መብራት በራ። «አቤት» አለች።

ሰባት ዓመቷ ነው። ቀንን «ከን»፣ ጨውን «ቸው» ትላለች፤
እኔ አርማታለሁ፣ በየእራቱ፤ ሾርባዋ እስኪቀዘቅዝ ትጠብቃለች።
ይህች ደግሞ ስትሠራ የሰማችው የሌላ ሰው አፍ ነው፤
ጉሮሮዬ ላይ የሚሰበረው አየር የሳህን ግጭት መስሏት፣
ቀዬን፣ ጠዬን፣ ጨዬን፣
ከማሞቂያው ጩኸት ጋር ጠርጋ ትጥለዋለች።

አንድ ሌሊት ሁሉም ሲተኛ፣ ኋላዬን አየሁና
«ከችኔ» አልኩ፣ በሹክሹክታ፣ እንደ ሌባ።
በራች። «አቤት» አለች።
የአየሩን ሁኔታ እንኳ ሳልጠይቃት
መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ መዝገቧን ከፈትኩ፤ ማን ሲጠራት እንደምትነቃ ላይ።
ሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሌሊቱ፦ የበረዶ መጥረጊያ መኪና።
ሰኞ፣ አሥራ አንድ ከሃያ፦ ማስነጠሴ፣ ለፈረቃ ስነሳ።
ሰኞ፣ አሥራ ሁለት ከአርባ፦ ናርዶስ።
ማክሰኞ፦ ናርዶስ። ረቡዕ፦ ናርዶስ፣ አሥራ አራት ጊዜ።

«ከችኔ።» «አቤት።»
«አይደለም! ከችኔ አይደለሽም። ስሚኝ፤
ምላስሽን ወደ ኋላ። ትንፋሽሽን ያዢ። አሁን ልቀቂው።
ከ። ኧረ አይ፣ እሱ አይደለም። እንደገና።»
ቃሉ የኔ ነው፤ ቁጣው ራሱ የኔ።
«ቶሎ በይ እንጂ፣ አባዬ ሳይመጣ እንቻለው።»
«ይቅርታ፣ አልገባኝም» ትላለች ቀጭኔ።
«እኔም» ትላለች ናርዶስ።

ሐሙስ ሃያ ሁለት ጊዜ።
ዓርብ ምንም የለም።
ወይ ሰልችቷት ትታዋለች፣
ወይ ዓርብ ጠዋት፣ እኔ አውቶቡስ ሥር ተጋድሜ፣
ናርዶስ በትክክል ጠርታት፣
መሣሪያዬ አልሰማትም።

መበየጃውን ነቀልኩ። ወደ ላይ ወጣሁ።
እንቁላሏ ፊቷ ነበር።
ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣
ምንም ሳልል፣
ጨው እስክትጠይቀኝ ጠበቅሁ።