ከታች ወደ ላይ

ከካይሰሪ እስከ መርሲን፣ የቶሮስን ዳገት ዞሬ፣
ሲሚንቶ አድርሼ ስመለስ፣ ሎሚ በሣጥን ደርድሬ፣
ስድስት ዓመት ተቀመጥኩኝ፤ እጄ መሪ፣ ዐይኔ መንገድ፣
ወንበሩ ከታች ሲፈጨኝ፣ ፀሐዩ ከላይ ሲያነድ።

መጀመሪያ ጠጠር መሰለኝ፤ ጎማ ላይ የተቀረቀረ፤
ከዚያ ብጉንጅ ሆኖ አበጠ፤ መግሉ ሱሪ አርሶ አደረ።
"የቱ ጋ ነው?" ሲሉኝ ጓዶቼ፣ "ወገቤን" ብዬ አለፍኳቸው፤
ሻይ ቤት ወንበር ሲስቡልኝ፣ ቆሜ ጠጥቼ ሸሸኋቸው።
ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል፤
የእኔስ ቁጭ ብዬ ያመጣሁት፣ ብቆም ብተኛም ያሳርራል።

ሐኪሟ ኑርጉል "በሆድህ ተኛ" አለች፤ መብራቷን አዞረች፤
በመቆንጠጫዋ ጫፍ ስባ፣ አንድ ነገር አሳየች፦
ጥቁር፣ እርጥብ፣ የተድበለበለ፣ ጎጆ የሚመስል ፀጉር።
"የራስህ ነው፤ ከጀርባህ ረግፎ፣ ስትቀመጥ ሲገፋው ወንበር፣
እንደ መርፌ ቆዳ በስቶ፣ ሥጋህ ውስጥ ቤቱን ሠራ፤
ከቆሻሻ አይደል፣ ከእርግማን አይደል፤
ምኑ ነው የሚያሳፍር? ምኑ ነው የሚያስፈራ?"

ቀደደችው። አጠበችው። ጉድጓዱን ግን አልሰፋችውም፤
"አፉ ይቸኩላል" አለች፤ የቁስልን አፍ አታምንም።
"ከታች ወደ ላይ ይሙላ፤ ጎዙን በየቀኑ ለውጡ፤
ዙሪያውን ፀጉሩን ላጩ፤ አለዚያ ይመለሳል በውስጡ።
ቤት ማን አለህ?"
ከኮሪደሩ፣ ጫማዬን ታቅፎ፣ አባቴ ገባ።

አባቴ ሩሽቱ፣ አርባ ዓመት ፀጉር ቆርጦ ያደረ፣
የዚያን ማታ እስከ ክርኑ ታጥቦ፣ ጓንት ሊያጠልቅ ጀመረ፤
ድንገት ቆሞ ግራ እጁን፣ ጣቱን ከጣቱ ለይቶ፣
አሳየኝ ጥቁር ቀዳዳ፣ መብራቱ ሥር ዘርግቶ።
"ይኸም ፀጉር ነው፤ የደንበኛ። ሳትወለድ ነው የወጋኝ።
እጄን በኪስ ይዤ ኖርኩ፤ ማንም 'ምነው' ብሎ አልጠየቀኝ።
በሽታውን የደበቀ…"
ተረቱን አልጨረሰውም።

ፀጉር ነበር ያሳደገኝ፤ ኪራዩ ከእሱ፣ ዳቦው ከእሱ፤
ለካ ከአባትም ከልጅም፣ ድርሻ ነበረው ለራሱ።

"አትነቃነቅ" አለኝ፤ ሕፃናትን
ወንበሩ ላይ ጣውላ አጋድሞ ሲያስቀምጥ እንደሚላቸው።
ጎዙ ገባ። ጥርሴን ነከስኩ።

ዛሬ አርባ አንደኛው ቀን ነው።
አፉ ሊገጥም ይዳዳዋል፤ አባቴ እሺ አይለውም፤
ጎንበስ ብሎ በባትሪ ያየዋል፤
"ታች ገና ነው" ይላል።