አርባ እርምጃ

በእኛና በእትየ እንጉዳይ መሀል ያለችው አንዲት ችፑድ፣
የሳል መሻገሪያ ድልድይ፣ የሹክሹክታም መንገድ፤
እሳቸው ሲያስነጥሱ «ይማርዎት» እንላለን፣
ብንኮራረፍ «ታረቁ!» ይሉናል፣ ዝምታችንን ሰምተውን።
እንዲህ ነው እኔና አንጓች፣ ስምንት ዓመት በሹክሹክታ፣
እሷ ሳቋን በነጠላ ጫፍ አፍና፣ እኔ ቁጣዬን በፈገግታ።

ጥቅምት ሲብት ቢያምረው፣ ከሎጁ ዕቃ ቤት ገብቶ፣
አንድ ድንኳን አዋሰኝ፣ ካስማው ጎድሎ፣ የዚፑ ጥርስ ተበልቶ።
«ሰፊ ቦታ ፈልጉ» አለኝ፣ «ማንም ሰው የሌለበት፤
ጎረቤት ያለው ድንኳን ድንኳን አይባልም፤ ኪራይ ቤት ነው፣ ኪራይ ቤት።»

መጀመሪያ ከከተማው ሳንርቅ፣ ከሐይቁ ዳር ከሣሩ ሜዳ፣
በገመድ ተሸንሽኗል፤ በየቁራጩ የቁጥር ሰሌዳ።
«ዐሥራ ሰባት የእናንተ» አለን ትኬት ቆራጩ ልጅ፤
ዐሥራ ስድስት ገመዱን ከእኛ ካስማ አስሯል፣ ስፒከሩን ከእኛ ደጅ፣
ዐሥራ ስምንት ካልሲውን አሰጣው በእኛ ጣሪያ፣
የባጃጅ ጥሩምባ ተጨምሮ፣ ዘፈኑ አጣ ማባሪያ።
አንጓች ትኬቱን አጠፈችው፣ ደግማ አጠፈችው፣ እንደ ጥፍር አሳነሰችው፣
«ከዚህማ» አለች «ችፑዱ ምን አለው?»

በማግሥቱ ወደ ዓባይ መውጫ፣ ከዋርካው ሥር ብንደርስ፣
ዘበኛ ከቁጥቋጦ ብቅ አለ፣ ካፖርቱን ሲለብስ።
«የማን ነው ቦታው?» ብንለው፣ «የሆነ ሰው ነው» አለን፤
የሐይቁን ዳር ሁሉ የያዘው ያው የሆነ ሰው መሰለን።

ከዚያ ወዲያ እምቦጭ ነው። አረንጓዴ፣ ሜዳ መሳይ፣
ሰፊ፣ ጭር ያለ፣ የሚያሳሳ ለዓይን ሲታይ፤
እግሬን ላሳርፍ ስል አንጓች ቀበቶዬን ይዛ ጎተተችኝ፣
«ሰፊ ሁሉ አይረገጥም» አለችኝ።

አወል፣ ታንኳ ሠሪው፣ «ውጡ» አለን፣ ሳይደራደር በዋጋ፤
ደንገሉ ከሥራችን እየረጠበ ሄድን፣ ገና ሲነጋጋ።
ከዘጌ ወዲያ አንዲት ጥግ አለች፤ ስሟን አልናገርም፤
ብናገር ነገ ገመድ ይዘው ይመጣሉ፤ ይቅርታ፣ አላደርገውም።
ከኋላ ሾላ፣ ከፊት ሐይቅ፣ ሣሩ እስከ ጉልበት፣
ግራ ቀኙ ማንም የለም፤ ነፋስ ብቻ የሚመላለስበት።

የመጀመሪያውን ካስማ ስመታ አወል ሳቀ፤
«ይኼ እኮ የጉማሬ በር ነው» ሲል ወኔዬ ከእኔ ራቀ።
ሣሩ የተኛበትን ጠባብ ጎዳና በመቅዘፊያው አሳየን፤
«ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል፤ እሱም ብቻውን መሆን ይወዳል» አለን።
አርባ እርምጃ ቆጠረ፣ ተረከዙን እየተከለ፣
«እዚህ! አክብራችሁት እደሩ፤ ያከብራችኋል» እያለ።
ታንኳውን ገፍቶ ሄደ።

ሲመሽ ያ ሁሉ ስፋት መጣብን፤
ከድንኳኑ አንድ ጥግ ተጠጋግተን ተሰበሰብን።
ስምንት ዓመት ያጠራቀምሁትን ልናገር አፌን ስከፍት፣
ከጆሮዋ ሥር ሹክ አልኋት፣ ከልማድ፣ ሰሚ በሌለበት።
እሷም ሹክ አለች፦ «ማን እንዳይሰማን ነው?»
እኔም ሹክ አልሁ፦ «እንጃ።» ያኔ ነው፣
ያኔ ነው አንጓች የሳቀችው፣ ነጠላ ሳትፈልግ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፤
ሐይቁ ተቀብሎ መለሰው፣ ያለች እስኪመስል ከማዶ አንጓች ሌላ።
ከሣሩ መሀል አንድ ከባድ ነገር ቆም ብሎ ተነፈሰ፣
አርባ እርምጃውን ሳያጓድል ወደ መንገዱ ተመለሰ።
ከዚያ በኋላ ጮክ ብዬ ነገርኋት፤ ምን እንዳልኋት አይጻፍም፤
የሰማን ጉማሬ ነው፤ ጉማሬ ወሬ አያሳልፍም።

ሰኞ ቤት ገባን። አንጓች «ጨው የት ሄደ?» ብላ ስትጠራኝ፣
ድምጿ ሐይቁን ያህል ነበር፤ «ቀስ!» ልል ስል አፌ እምቢ አለኝ።
ከችፑዱ ወዲያ ዝም፣ ከዚያ ጉሮሮ ሲጠረግ፣ ከዚያ እትየ እንጉዳይ፣
በሹክሹክታ፦ «ጨው እዚህ አለ፤ ልስጣችሁ ወይ?»