የሐሞት ልክ

ጉም ከጦሳ ወርዶ ሰኞ ገበያ ላይ፣
የአያ ይመር ቢላ ሆድ ዕቃ ሲለያይ፣
ጉበቱ ይነሳል ገና ትኩስ ሳለ፣
ሐሞቱን በጀርባው እንደ ልጅ ያዘለ።
በቢላው ጫፍ ወጋ፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል፣
ቁርጡ ጉበት ሁሉ ቅጠል ይመስላል።

«ብዪ! ሐሞት ማለት የጮማ ምላጭ ነው፣
ስብ የሚባል ነገር እሱን ሲያይ ቀላጭ ነው።
ሐሞተ ቢስ ዛሬ የበዛው በምን ነው?
ጣፋጭ እየላሰ መራራ ሲንቅ ነው!»

እኔ ቧንቧ ውሃ፣ ክሊኒክ ጓዳ ውስጥ፣
ጎኑን ጄል ቀብቼ ምስሉን ሳገላብጥ፣
ግራጫ ስጠብቅ ጉበቱ መጣ ነጭ፣
ልጅ ሆኜ ያየሁት የወገል ጤና ውርጭ።
«አያ፣ ስብ ገብቷል» አልኩት። ሳቀ፤ ተቆጣም፤
«ሐሞት የጠጣ ሰው? ውሸት ነው! አይመጣም!»

ማታ አነበብሁኝ ጥቂት በጥቂቱ፤
ሐሞት ደብዳቤ ነው ከአንጀት ለጉበቱ፦
«ጮማው ደርሷል፣ በቃህ፣ አዲስ ስብ አትፍተል፣
ጎተራ ያለውን አውጣና አቃጥል።»
መኖው ሐሞት ነክቶት የበላ ዶሮ ላይ
ጉበቱ ቀለለ፣ ስቡ ሲሸሽ ቢታይ፣
ልኩን ሲያልፍ ግና ያው ሐሞት ይቆጣል፣
የጠረገውን ቤት ተመልሶ ይልጣል።

አያ ይመርንስ? መዝኖ ያየው የለም፣
ከቢላ ጫፍ የሚወርድ ልክ የማያውቅ ቀለም።

«አያ፣ የበሬውን ለምን ተበደርከው?
ያንተው ሐሞት አለ፣ ሌት ተቀን ጎንህ ነው፤
እንደ ባቲ ነጋዴ አንጀት ገበያ ወጥቶ
ሳይመሽ ይመለሳል የያዘውን ሸጦ።
ይልቅ ይቅርብህ ያ በቀን ሦስት ለስላሳ፣
ቢላህን አስቀምጠህ በእግር ውጣ ጦሳ።»
ዝም አለ። ቢላውን ከሰገባው አነሳ።

በቅዳሜው ደግሞ ሐሞቱን ወጋና
አንድ ጠብታ ጥሎ ቋጠረው እንደገና፤
አረንጓዴ ጣቱን በሽርጡ አበሰ፤
ደንበኛ እንዳይሰማ ድምፁን ቀነሰ፦
«ይኼ ነው ወይ ልኩ?» አለኝ አይቶ ዓይኔን።

አላወቅሁም። ቀመስኩት፤ መረረኝ ምላሴን።