የምስማር ቀዳዳ

"የት ተማርሽ?" ይሉኛል፣ ማይክ አፌ ላይ ደቅነው፤
ትምህርት ቤቴን ስነግራቸው ምላሻቸው ሳቅ ነው።

አዳማ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ቆርቆሮ ለቆርቆሮ ተጠግቶ፣
የጋሽ ቦሩ ቪዲዮ ቤት፣ በሩ ላይ ጆንያ ተዘርግቶ።
መግቢያ ሃምሳ ሳንቲም። ለሴት ልጅ ግን መግቢያ የለውም፤
"ሂጂ፣ እናትሽ እንዳትሰማ!" ከዚህ ሌላ ቃል አይጨምርም።

እኔም በውጭ በኩል ቆርቆሮውን ተደግፌ
በጀርባዬ ፊልም አየሁ።
ጥይት ሲተኮስ አከርካሪዬን ይነዝረኛል፤
ፈረስ ሲጋልብ ትከሻዬ ላይ ይሮጣል፤
ሴት ስታለቅስ ግን ቆርቆሮው ዝም ይላል።
በማላውቀው ሕንድኛ፣ በማላውቀው ቻይንኛ
ማን ማንን እንደከዳ፣ ማን ለማን እንደሞተ
እኔ ነበርኩ ፈራጇ።
ማታ ለወንድሜ ለገመቹ እተርክለታለሁ፣
እሱ ከፍሎ ገብቶ ያየውን።
"እንዲህ አይደለም" ይለኛል።
ቆይቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣
"ያንቺው ይሻላል።"

የአዳማ ቀትር የታወቀ ነው፤ ውሻ እንኳ ጥላ ይከራያል።
እናቴ የስፌት ማሽኗ ላይ አንቀላፍታለች፤
በሩ ተዘግቷል፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ታፍኗል።
በሩ ላይ አንዲት የምስማር ቀዳዳ ነበረች።
አንድ ቀን በዚያች ቀዳዳ መንገዱ ሁሉ ገባ፤
ጋሪው በአናቱ ተደፍቶ፣ ፈረሱ ሰማይ ረግጦ፣
ሎሚ ሻጩ ከነቅርጫቱ ተዘቅዝቆ፣ አንድ ሎሚ ሳይወድቅበት፣
ግድግዳችን ላይ አለፉ።
ጮኽኩ። እናቴ ነቃች፤ አየች፤ አማተበች፤
ቀዳዳዋን በሳሙና ደፈነቻት።
በማግስቱ በራሷ መርፌ ከፈትኳት።

በአሥራ ሰባት ዓመቴ የኢቲሳ መብራት ተሸካሚ ሆንኩ።
የከተማው ሚዜ ሁሉ ኢቲሳን በካሜራው ያውቀዋል።
ያ አንድ ሺህ ዋት መብራት ክንድ ያነቅላል፣ ቅንድብ ይለበልባል።
"ሙሽራዋ ላይ! ኧረ ሙሽራዋ ላይ፣ አንቺ ልጅ!"
እጄ ግን አይሰማም። ብርሃኑ እየሸሸ
ከድንኳኑ ጓሮ፣ ሳህን አጣቢዎቹ ዘንድ ይሄዳል፤
ጫማው ጠቦት ሳይጨፍር የቆመው አጎት ዘንድ።
"ካሴት አባከንሽ" ይላል ኢቲሳ፣ ከደሞዜም ይቆርጣል።

ሁለት ዓመት አልፎ አንድ ሹፌር ስቱዲዮአችን መጣ፣
ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨምድዶ።
"እዚያ ሰርግ ላይ እናቴ ሳህን ታጥብ ነበር" አለ።
"ፎቶ አልነበራትም። መታወቂያዋም አብሯት ተቀብሯል።"
ካሴቱን ሻጋታ በልቶታል፤ የማጫወቻውን ሄድ በአልኮል ጠረግኩ።
እዚያ ነበረች።
አረፋ በለበሰ ክንዷ ግንባሯን ጠርጋ፣ ቀና ብላ፣
ወደ ብርሃኑ፣ ወደ እኔ፣ "ዞር አድርጊልኝ!" ብላ ሳቀች።
ሰባት ሴኮንድ።
"ድገሚው" አለ ሰውየው።
ደገምኩት።
"ድገሚው።"
ሲመሽ ኢቲሳ መጣ፤ ከኋላችን ቆሞ አየ፤ ምንም አልተናገረም።
የቆረጠብኝን ግን አልመለሰም።

ፊልም መሥራት የጀመርኩት ያን ቀን ነው።
ካሜራው የመጣው ከስድስት ዓመት በኋላ፣
በእናቴ እቁብና በገመቹ ባጃጅ ሽያጭ።

የመጀመሪያ ፊልሜ አርባ ደቂቃ ነው።
ሲኒማ ቤቱ "ኮከብ የለበትም" ብሎ መለሰው።
አንሶላ ገዝተን ጋሽ ቦሩ ግቢ ሰቀልን፤
ቪዲዮ ቤቱ ጎሚስታ ቤት ሆኗል።
የአዳማ ነፋስ እንደ ልማዱ ሳይጠራ መጣ፤
የተዋናዮቼን ጉንጭ ነፋ፣ አፋቸውን አጣመመ፤
ሕዝቡ ማልቀስ በሚገባው ቦታ ሳቀ።

ጋሽ ቦሩ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል።
በር ላይ ሃምሳ ሳንቲም አስከፍዬው፣
ከኋላ፣ ጎማ ክምር ላይ ተቀምጦ፣ በጆሮው አየ።
ሲያልቅ በምርኩዙ ጠራኝ፤
"ያቺ ልጅ መጨረሻ ላይ ቤቷ ተመለሰች፣ አይደል?"

አልተመለሰችም።

"ያንተው ይሻላል" አልኩት።