የጉሟ ጎል

ትናንት ዝናብ ነድቶህ ሱቄ ዘው ስትል፣
ማልያህን ይዘሃል በጥቁር ፌስታል።
«ቁጥሩን ፍታው» አልኸኝ፣ «ጨርቁ አልሞተም፤
ልጁ አሥራ አንድ ይሻል፣ ክለቡ ብር የለውም።»

እኔ ነኝ የሰፋሁት፤ ያውቁታል ጣቶቼ፣
አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰባት ቆርጬ፣ ሰባት ሰፍቼ፣
ስትከሳ፣ ስትወፍር፣ በሜትሬ አውቄ፣
«እጅህን አንሳ» ብዬ፣ አጎንብሼ፣ ስቄ፣
ስምህን ግን አንድ ቀን ፊት ለፊት ሳልጠራ፣
ከሆጤ ድንጋይ ላይ ስጮኸው የኖርሁ፣ ከሺህ ሰው ጋራ።

ምን ይባላል ለኳስ ተጫዋች? ሞቶ አይቀበር፣
ድንኳን አይጣልለት፣ ለእድር አይነገር፤
ፊቱ ገና ወጣት፣ ጉልበቱ ሽማግሌ፣
«በቃኝ» ይላል፤ ማን ይጠይቃል እንደ እኔ ያለውን ሎሌ?

ደግሞ ይቅር በለኝ። አንድ ጊዜ ሰድቤሃለሁ።
ኮምቦልቻ ላይ፣ ያቺን ፍጹም ቅጣት ምት ሰማይ የሰደድሃት ማታ፣
አይሱዙ ላይ ተጭነን ሐረጎን ስንወጣ በጨለማ፣
እናትህን አንሥቼ ሰደብሁ።
እናትህ ለካ ከፊቴ ነበረች።
አልዞረችም፤
ሻርፗን ወደ ጆሮዋ ሳብ አደረገች ብቻ።

ይኸው ክሩ ሲተረተር ያ ቅዳሜ ታየኝ፤
ታየኝ ልበል እንዴ? ያኔስ ምን አሳየኝ?

ሰማንያኛው ደቂቃ፣ ዜሮ ለዜሮ ሆነን፣
ጥፍራችንን ጨርሰን፣ ሰዓት እየለመንን፣
ጦሳ እንደ ባዘቶ ጉሙን ሜዳው ላይ ለቀቀበት፤
ፊሽካ ብቻ ቀረ፣ የዳኛው እጅ አይታይበት።
መጀመሪያ ቋሚው ጠፋ፣ ቀጥሎ መረቡ፣
ቀጥሎ አንተ። ጸጥ፣ ረጭ። ጆሮ ብቻ ሆነ ሕዝቡ።
ኮቴ ሰማን፤ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ኳሷ፣ ጧ!
ከዚያ፣ እንደሚቀደድ አቡጀዲ፣ መረቡ፣ ሿ!

ማንም አላየም። ሁሉም አየሁ አለ።
«ወላሂ በግራው ነው!» ይላል ባለሥጋ ቤቱ፣
«በገብርኤል፣ በቴስታ!» ይምላል ጎረቤቱ።
ላንዱ ከመሀል ሜዳ ነው፣ ላንዱ በመቀስ ምት፣
አንዱ በረኛውን ሳይቀር ሁለቴ አሳለፈህ፣ አስተኛልህ መሬት።
ያቺ ጎል ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እየገባች ነው፣
በየሠርጉ፣ በየለቅሶው፣ በየጸጉር ቤቱ፤
አንድ ቀን እንኳ ስታ አልወጣችም።
እኔም ለልጄ ነግሬዋለሁ፦
«ጉሙን ሰንጥቆ ሰባት ቁጥር ብልጭ ሲል አየሁ፣
የራሴን ስፌት አጣዋለሁ?»

ትናንት ግን መርፌዬን ወስፌ ትራስ ላይ ሰክቼ፣
ጠየቅሁህ፣ ድፍረቴን ከየትም አምጥቼ፣
«ያቺን የጉሟን ጎል በምንህ ነው ያገባሃት?»

ሳቅህ። ጉልበትህን አሸት አሸት አደረግህ።
«ወላሂ እኔም አላየሁ» አልህ። «መታኝና ወደቅሁ።
ጭኔ ይሁን ሆዴ እንጃ፤ እናንተ ስትጮኹ ነው ጎል መሆኗን ያወቅሁ።»

ዝም አልሁ።
ዘጠኝ ዓመት የማልንባት፣ የተጣላንባት፣
ሁለት ጓደኛሞች እስከ ዛሬ የተኳረፉባት!
«አብሽር» አልሁህ፣ «ለማንም አልናገርም።»

ቁጥሩ ተነሣ። ከሥሩ ሌላ ሰባት፣
ፀሐይ ያልመጠጠው፣ ቀይ፣ እንደ ተገዛ ዕለት።
አሥራ አንዱን ብሰፋበትም ጎኑ ይታያል፤
ያ ልጅ ሲሮጥ፣ በሁለቱ አንዶች መሀል ሰባት ይሮጣል።
ይህን ለክለቡ አትንገር።

«ስንት ነው?» አልህ።
«ተከፍሏል» አልሁ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።
ወጣህ፣ ቀኝ እግርህን ትንሽ እየሳብህ።

ቆይቼ ከደጅ ወጣሁ፣
ያለ ሺህ ሰው፣ ያለ ከበሮ፣ ብቻዬን፣
«ሙሄ!» አልሁ።
ጉሙ ሸዋ በርን ውጦት ነበር፤ መብራቱንም፣ አንተንም።
ኮቴ ሰማሁ፤ ሁለት፣ ሦስት።
ከዚያ ቆመ።
ዞርህ ይሆን? አላየሁም።

ለልጄ ግን፣ እጁን አነሣልኝ አልሁት።