ክርን የነፋው ጥሩምባ

ማክሰኞ ማታ ነው፣ ባሽቀሎን ከተማ፣
የጫማ ጩኸት ነው ከውስጥ የሚሰማ፤
ቢጫና ሰማያዊ፣ ከዐሥራ አራት ያልዘለሉ ሴት ልጆች፣
የሁለት ነጥብ ልዩነት፣ ጣሪያ የሚነኩ ወላጆች።

ጄንያ፣ የሰዓቱ ኃላፊ፣ ጡረታ የወጣች ነርስ፣
መነጽሯ ቢንሸራተት፣ ጎንበስ ስትል ልትመልስ፣
ክርኗ ዐረፈ ከቁልፉ ላይ፤
ጥሩምባው ጮኸ፣ ያለ ጉዳይ።

ደንቡን እንደ ጸሎት በቃሌ ይዤዋለሁ፤
«በስሕተት የጮኸን እለፈው»፤ እኔም አልፌዋለሁ።
ጥሩምባ ይጮኻል እንጂ ጨዋታ አያቆምም፣
ፊሽካዬ ካልተነፋ ኳስ በሕግ አይሞትም።
በእጄ «ቀጥሉ!» አልኩ። ቢጫዎቹ ሮጡ።

አንዲት ሰማያዊ ግን፣ ቁጥር ሰባት፣ ሂላ፣
ቀጥ አለች። ጠፋት ኳሱ፣ ጠፋት ቅርጫቱ፣ ሌላም ሌላ፤
ዐይኗ ሄደ ወደ መጠለያው በር፤
ከንፈሯን አየሁት፣ ከሠላሳ ወደ ታች ሲቆጥር።

ሠላሳ። ሃያ ዘጠኝ። ሃያ ስምንት።
እሷ በቆመችበት ክፍተት
አንዷ ቢጫ ሾልካ ገባች፣
ዘለለች፤ አስቆጠረች።

ያን ጊዜ ነፋሁ። እጆቼን አጣምሬ ዘረጋሁ፦ ነጥብ የለም!

ሾሃም፣ የቢጫዎቹ አሠልጣኝ፣ እስከ መስመሩ ዘሎ፦
«ፈንቴ! ፊሽካ ሳይሰማ የቆመ፣ በቆመበት ይበላ!
ደንብህ ይህ አይደለም ወይ? ወይስ አወጣህ ሌላ?»

«ነው» አልኩት። «ግን ደንቡ ጅራት አለው፣ ሰው የማያነበው፦
ስሕተቱ አንዱን ወገን ከጎዳ፣ አቁመው።
ጥፋቱ የኔ ነው፤ ስትቆም መንፋት ነበረብኝ፤
አንድ ትንፋሽ ዘገየሁ፤ እሱን በኔ ላይ ጻፍብኝ።
ኳሱ ያንተ ነው፣ ከጎን መስመር፤
ነጥቡ ግን ይቅር።»

አልተስማማም። የውኃ ጠርሙስ በእግሩ መታ። ተቀመጠ።

ጄንያ ሁለት እጇን ከጭኗ ሥር ቀብራ፣ ፊቷ ፍም መስሏል፤
«አራት ሰከንድ መልሺ» አልኳት፤ «እጅ ነው፣ ይስታል።»

ለሂላ ግን ምን ልበላት? በእጅ የሚሰጥ ምልክት የለውም፤
ደንቡም ይህን አያውቅም።
ጎንበስ ብዬ የታሠረ ጫማዬን ፈታሁ፣
እንደ ገና አሠርኩ፤ ቀስ እያልኩ ቆየሁ፣
ከንፈሯ እስኪያርፍ ድረስ።

ከዚያ ነፋሁ።