የጋሽ አዛናው ክር

ከማራኪ ቁልቁል፣ በድንጋዩ ንጣፍ፣
ቪትዜ ታጉረመርማለች እንደ ጎረቤት አፍ።
አንዴ ቀጭ፣ አንዴ ቋ፤
ሬዲዮ ከፍ ባደርግም አይዋጥም ድምጿ።

ቢምረው ሰማና ኮፋኖ ከፈተ፤
ስልኩን አወጣና የቀይ ብረት ፎቶ ፊቴ ላይ ጎለተ።
«ከዚህ ትከሻዋ እስከዚያ ትከሻ
ይህን ስታስርባት፣ አለቀ የድምጿ መነሻ።
ኩርባውን ትቆርጣለህ እንደ ምላጭ ስለት፤
አዲስ አበባ ሄደህ ያላሰረ ፈልግ፣
አንድ ሰው ካገኘህ ጥራኝ ለምስክርነት።»

እኔም ልቤ ቋመጠ፤
ደመወዝ ሳይገባ፣ ብረቱ በሐሳቤ ቦታው ተቀመጠ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ቀበሌ አሥራ ስምንት፣
ጋሽ አዛናው ጋራዥ ገባሁ፣ ብር በፖስታ ይዤ፣ ብየዳ ለማሠራት።
ዓይኑን ብየዳ የበላው፣ ጆሮው ግን ያልሳተ፣
እስክጨርስ ሰማኝ፤
ካቻቢቴውን በሱሪው ወልውሎ ወደ ውስጥ ገባና
ክር አንጠልጥሎ ተከሠተ።

ነጭ የጥጥ ክር ነው፣ ልብስ ሰፊ የሚገዛው፤
ከቀኝ ትከሻዋ እስከ ግራው፣ ከብሎን ብሎን ወጥሮ
እንደ ክራር አውታር በጥፍሩ መታው።

«አዘዞ ደርሰህ ና። ጉድጓድ ስታይ አትሽሽ፣ ግባበት፤
ኩርባ ላይ አትራራ፣ ፍሬን አትያዝለት።
ክሩ ከላላ፣ ወይ ከተበጠሰ፣ እበይድልሃለሁ፤
ካልሆነ ሻይ ትጋብዘኛለህ፣ እጠጣልሃለሁ።»

ሄድኩ። ባጃጅ አቋረጠኝ፣ ሲኖትራክ አቧራ አለበሰኝ፤
ጉድጓዱን አልሸሸሁም፤ አንዱማ ጥርስ ከጥርስ አጋጭቶ ምላሴን አስነከሰኝ።
ከኤርፖርቱ መገንጠያ ዞሬ ስመለስ፣
ጎማዋ ጮኸ፣ ልቤም ጮኸ፦
«አሁንስ» አልኩ፣ «አሁንስ ይበጠስ!»

ኮፋኖው ተነሣ።
ጋሽ አዛናው ክሩን ነካ። ያንኑ ድምፅ ሰጠ፤
አቧራ ከመጠጣት በቀር ምኑም አልተለወጠ።

«ድሮ» አለኝ፣ «ሻንሲው ለብቻው፣ ቦዲው ለብቻው ሳለ፣
እኔው ራሴ ሳስር ኖሬያለሁ፤ የላላ ነበረ፣ ያሰርኩትም ዋለ።
የዛሬዋ ግን ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ታጥፋ፣ ተሰፍታ፣
የት እንደምትጸና፣ የት እንደምትታጠፍ
ነው የመጣችው አጥንታ።
አፍንጫዋ ለምን የሳሳ ይመስልሃል? ለስስት? ለቁጠባ?
ግድግዳ ሲመጣ እሷ እንድትጨማደድ ነው፣ ጉልበቱ ካንተ ደረት እንዳይገባ።
እኔ ብረት ብበይድ፣ ምት የምትውጥበትን ጉሮሮ ዘጋሁባት፤
ያልታጠፈ ብረት ያን ዱላ ተሸክሞ ወዴት ይሄዳል?
ወደ ተቀመጠባት።»

«በብሎን ቢሆንስ?» አልኩት፤ አልቆረጥኩም ተስፋ።
«በብሎን ከሆነ ጉዳቱ ያንሳል፤ ጥቅሙም አብሮ ጠፋ።
ለሽቅድምድም ሰው፣ ሰከንድ ለሚቆጥር፣ ይሁን፣ ግዴለም፤
አንተ ግን ካርድ ክፍል ነህ፤
ሁለት ሰዓት ከገባህ የሚከስህ የለም።»

በወጣትነቱ፣ ግንቡ ሲጠገን፣ ኖራ ተሸክሟል፤
ስለ ሲሚንቶ ሊነግረኝ ጀመረ፣
ድንጋዩ ልተንፍስ ሲል እሱ እንቢ እንዳለ፣
ግን ደንበኛ መጣ፤ ወሬው እስከ ዛሬ ሳያልቅ ቀርቷል።

ድምጿስ?

ከሥሯ ገባ በጀርባው፤ ጫማው ብቻ ቀረ፤
«ቡሽ!» አለኝ ከታች፣ «የእግሯ ላስቲክ አልቋል፤
አጥንቷ ደኅና ነው፣ ካልሲዋ ነበረ!»
ዘጠኝ መቶ ብር ከነጉልበቱ፣ ሻዩ ለብቻ ታሰበ፤
ፖስታው የቀረውን እንደያዘ ኪሴ ገባ፣
እያፈረ፣ እየተሰበሰበ።

ቢምረው አሳስሮታል። ቀይ ነው፣ ያምራል፤ ኮፋኖ ከፍቶ ሰው ይጠራል።
ልዩነት አለው ይላል እሱ፤ ክሩን አይቻለሁ እላለሁ እኔ፤
ክርክሩ አላለቀም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይቀጥላል።

ክሩን አልፈታሁትም። ጠቁሯል፤ ዘይት ጠጥቶ፣ ሙቀት መቶት።
አንዳንዴ ማታ፣ አዘዞ ቁልቁል፣
የጭነት መኪና መብራት ፊት ለፊት ሲመጣ፣
ዳሽቦርዷን በመዳፌ እነካለሁ፣
የሳሳ አፍንጫዋን አደራ ለማለት።